ጎንደር ወዝ አደር አልነበራትም ያለው ማን ነው?

የጃንተከል ጥላ
ሰኞ፣ ሰኔ 23፣ ከምሽቱ 2፡40

ዛሬ ጠዋት ገና 12 ሰዓት ተኩል ሳይሆን በፒያሳ በኩል ሳልፍ የቀን ሠራተኞቹ እንደ ወትሮው ቆመው ነበር። ካፊያው አላቋረጠም። ወንዶቹ አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አስረዋል። አንድ አይሱዙ መጥቶ ቆመ። ካቦው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ስድስት ጣት አሳየ። ሠላሳ የሚሆን ሰው ሮጠ። ከሁሉም ኋላ የነበሩት አንድ እግር ኮንጎ ጫማቸው ወልቆባቸው በእጃቸው ይዘው የሚሮጡ አዛውንት ናቸው። ደረሱ። ካቦው እጃቸውን ይዞ መዳፋቸውን ገልብጦ ተመለከተ፤ የአካፋ ጠባሳ ይፈልግ እንደሆነ እንጃ። ከዚያ "አባባ፣ ነገ ይምጡ" አላቸው።

ይህን ያነሣሁት ሆድ ለማባባት አይደለም። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ላይ አንድ ሰው "የመደብ ትግል የድሬዳዋና የወንጂ ነገር ነው፤ ጎንደር ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን እንጂ ወዝ አደር ኖሯት አያውቅም" ብሎ ጽፎ ነበር። ብዙ ሰው ተስማማለት፤ እኔን ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ።

በአንድ በኩል እውነቱን ነው። የሠራተኛ ታሪካችን ሲጻፍ ከጅቡቲ የተነሣውን ሐዲድ ተከትሎ ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረው የሆላንዶቹ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ይመጣል፤ በዚያ ሠራተኞቹ መጀመሪያ የተሰባሰቡት በዕድር ስም ነበር፤ የሠራተኛ ማኅበር የሚፈቅድ ሕግ አልነበረምና። ከዚያ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) ተቋቋመ። በዚህ መስመር ላይ ጎንደር የለችም። የጎንደር ልጅ የፋብሪካ ደመወዝ ሲያምረው ጣሊያን በከፈለው የጦር ካሳ ወደተተከለው ወደ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ነው የወረደው።

ነገር ግን ማርክስ ካፒታሊዝምን በጭስ ማውጫ ብዛት አልለካም። የለካው የሰው ጉልበት ራሱ ዕቃ ሆኖ ለገበያ በመውጣቱ ነው። እነዚያ ስድስት ሰዎች 8 ሰዓት ቢሠሩ፣ እንበልና በመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓታት ያነሡት ግንብ የቀን ክፍያቸውን ይሸፍናል። የቀሩት 4 ሰዓታት የማን ናቸው? ትርፍ እሴት የሚባለው ይኸው ነው። ስርቆት አይደለም፤ ማንም አላታለላቸውም፤ ሮጠው፣ ተጋፍተው፣ ተስማምተው ነው የተሳፈሩት። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም መስማማታቸው ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። የጎንደርን የሠራተኛ ታሪክ ብንጽፍ ከየት እንጀምር?


ጡረተኛው መምህር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ልጄ፣ ጥሩ ጀምረሃል። እኔ ደግሞ የራሴን ስሕተት ላዋጣ።

በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ደንቢያ ነበርኩ። ገበሬውን ዛፍ ሥር ሰብስበን ስለ መደብ ትግል እናስተምራለን። አንዲት እናት እጃቸውን አነሡና "ልጆቼ፣ በእኛ ቤት በመደብ የሚጣላ የለም። እኔና ባለቤቴ መደብ ላይ እንተኛለን፣ ልጆቹና እረኛው መሬት ላይ ይተኛሉ" አሉን። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ዛሬ ሳስበው ከእኛ ትርጉም የእርሳቸው ይሻል ነበር። እረኛው መሬት ላይ እንደሚተኛ እኛ አላስተዋልንም፤ እርሳቸው ነገሩን።

"መሬት ለአራሹ" ለደቡቡ ጭሰኛ ነፍስ ነበር። ሲሶ ወይም እኩል እየገበረ ለሚያርስ ሰው ያ መፈክር ከሰማይ የወረደ ነው። ደንቢያ ስንደርስ ግን አብዛኛው ሰው ርስተኛ ሆኖ አገኘነው። ከአያት ቅድመ አያቱ የቆጠራት ቁራሽ መሬት አለችው። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ "መሬት የሕዝብ ሀብት ነው" ሲል፣ ገበሬው "እኔስ ሕዝብ አይደለሁም? ታዲያ ምኑን ልትሰጡኝ ነው?" አለን። መልስ አልነበረንም። የያዝነው ጽሑፍ ስለ ሌላ አገር የተጻፈ ነበር። በሰሜን ገበሬው ሲነሣ ባብዛኛው የተነሣው በባለ መሬት ላይ ሳይሆን በግብር ላይ ነው፤ የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን እምቢ ብሎ ጠመንጃ ያነሣው ለዚህ ነው።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር ልበል። በእኛ ዘመን በቃል ብቻ ሰው ይጣላ ነበር። ላብ አደር የሚል ነበረ፣ ወዝ አደር የሚል ነበረ፤ ላብ አደር በጉልበቱ የሚያድረው ሁሉ ነው፣ ወዝ አደር ግን የፋብሪካው ነው እየተባለ ሌሊቱ ይነጋል። በኋላ መንግሥት ሠርቶ አደር የሚል ጋዜጣ አወጣና ክርክሩ በጋዜጣ ስም ተዘጋ። የፒያሳዎቹን ሰዎች ምን ልትላቸው ነው? እኔ ላብ አደር እላቸዋለሁ፤ ወዛቸው አልቋል።


ሲሚንቶና ብረት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

ሁላችሁም ካቦውን ክፉ ሰው አደረጋችሁት። እኔ ካቦ ነበርኩ፤ ዛሬ አነስተኛ ተቋራጭ ነኝ። ስድስት ጣት ያሳየው ለስድስት ሰው የሚሆን ሲሚንቶ ብቻ ስላለ ነው። ሰባተኛውን ቢያሳፍር ማን ይከፍለዋል?

ሽማግሌውን ስላልወሰደ አዝናችኋል። ከሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ ቢወድቁ ፖሊስ ጣቢያ የሚጠራው ማን ነው? ጭካኔ አይደለም፣ ፍርሃት ነው።

"ትርፍ እሴት" የሚለውን አነበብኩ። የት እንዳለ ብታሳየኝ ደስ ባለኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ሕንፃ አስረክቤ ክፍያዬን ለማግኘት ሰባት ወር ተመላለስኩ። በዚያ ሰባት ወር ብረት ጨመረ፣ ሲሚንቶ ጨመረ፣ የባንክ ወለድም ተቆጠረ። ሠራተኞቼን ግን በየሳምንቱ ቅዳሜ ነው የከፈልኳቸው፤ ቅዳሜ ካልከፈልኩ ሰኞ አይመጡም።

ሶሻሊዝምን ደግሞ አባቴ ኖሮበታል። በ1968ቱ አዋጅ የግል ኢንዱስትሪ ካፒታል ከ500 ሺህ ብር፣ የጅምላ ነጋዴ ከ300 ሺህ፣ የችርቻሮው ከ200 ሺህ እንዳይበልጥ ተከለከለ። ገበሬው ጤፉን በተቆረጠ ዋጋ ለመንግሥቱ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት (እሰገድ) ያስረክብ ነበር። ያ ሁሉ ተደርጎ ፒያሳ የሚቆመው ሰው ቀነሰ? ሥራ የሚፈጥረው መፈክር አይደለም።


እንጀራ ጋጋሪ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ሽማግሌው ነገ ይሄዱ ይሆን?


የሸማኔ ልጅ
ማክሰኞ፣ ሰኔ 24፣ ከጠዋቱ 1፡15

እኔ ከአዲስ ዓለም፣ ከጎንደር የሙስሊም ሰፈር ነኝ። ከየት እንጀምር ለተባለው፣ ከእኛ ሰፈር ጀምሩ።

ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1636 ስትቆረቆር ኖራውን ያቃጠለ፣ ድንጋዩን የጠረበ፣ ብረቱን የቀጠቀጠ ሰው ነበረ። ቱሪስት ሲመጣ "ፋሲል ሠሩት" እንላለን። ፋሲል አንድ ድንጋይ አንሥተው እንደሆነ አላውቅም። ከእጅ ሥራው ብዙው በቤተ እስራኤልና በሙስሊሙ እጅ ነበር፤ ርስት የላቸውምና ከእጃቸው በቀር የሚኖሩበት አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጉባኤ ሙስሊሙ ተለይቶ እንዲሰፍር ተወሰነ። ወለቃ ሸክላ የሚሠሩት፣ ብረት የሚቀጠቅጡት ቡዳ ተባሉ። አስተውሉ፤ መሬት የሌለው ሰው በእጁ ሠርቶ ይበላል፣ በእጁ ሠርቶ በመብላቱ ደግሞ ይናቃል። ይህ የመደብ ታሪክ ካልሆነ ምንድን ነው?

አባቴ ሸማኔ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ሲሠራ ከወገቡ በላይ ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ ልጅ ሳለሁ አባቴ እግር ያለው አይመስለኝም ነበር። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ የሚሰማው ቀጭን ድምፅ እስከ ዛሬ ያስተኛኛል። ዕቃው የራሱ ነው፤ ጉድጓዱም፣ መወርወሪያውም። ስለዚህ በመጽሐፉ ወዝ አደር አይደለም፣ "ንዑስ ከበርቴ" ነው። ከበርቴው አባቴ! ድሩን ግን ነጋዴው በዱቤ ያመጣል፤ ማጉን እናቴ ሌሊት ትፈትላለች፤ ሸማው ሲያልቅ ነጋዴው የድሩን ዋጋ ቀንሶ የተረፈውን ያስቆጥረዋል። ዋጋውን የሚናገረው ነጋዴው ነው። የእናቴ ፈትል በማንም ሒሳብ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ በአባቴም ሒሳብ ጭምር።


ዝም ያለ ቤት
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ጽሑፉን ሁሉ አነበብኩት። ያማረ ነው። ግን ጎንደር ውስጥ ስለ መደብ ትግል ስትጽፉ ትንሽ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።

የእናቴ ወንድም በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ነው የተወሰደው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ከበርቴ አልነበረም፤ አያቴ ጠላ እየሸጠች ነበር የምታስተምረው። በዚያ ዘመን የጎንደር እናቶች ያንጎራጎሩትን እንጉርጉሮ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እኔ አልደግመውም። "የመደብ ጠላት" የሚለው ቃል በእኛ ቤት ውስጥ እንደ በሽታ ስም ነው የሚጠራው። አያቴ እስክትሞት ድረስ "ብዝበዛ" የሚል ሰው ሬድዮ ላይ ሲናገር ትዘጋው ነበር።


የጃንተከል ጥላ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

ዝም ያለ ቤት፣ ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ልለፍ፤ የአንቺን ቤት ሐዘን ለማቅለል አይደለም። ኢሠአማ ከየካቲት 28 ቀን 1966 ጀምሮ ለ4 ቀናት አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ሲመታ አገሪቱ እንዲያ ዐይነት ነገር አይታ አታውቅም ነበር። ያንን አድማ የመታው ማኅበር አንድ ዓመት ተኩል ቆይቶ ዴሞክራሲያዊ መብት ሲጠይቅ፣ መስከረም 1968 ላይ አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ወረቀት የሚበትኑ ሠራተኞች ተተኮሰባቸው፤ በዚያው ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ማኅበሩም ፈረሰ። በምትኩ በ1969 ዓ.ም. የተቋቋመው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር (መኢሠማ) ሥራው ምርት ማሳደግ ነበር፤ አድማ የሚባል ነገር አበቃ። በሠራተኛው ስም የመጣው መንግሥት መጀመሪያ ካፈረሳቸው ነገሮች አንዱ የሠራተኛው ማኅበር ነው። ለእኔ ያ ሶሻሊዝም አልነበረም፤ አሠሪው ተቀየረና መለዮ ለበሰ። ይህን ለአያትሽ ብነግራቸው ሬድዮውን እንደሚዘጉት ግን አውቃለሁ።

ሲሚንቶና ብረት፣ ወንድሜ፣ ያንተን ነገር ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ካቦውን ክፉ ነው አላልኩም። ካቦ የሚለውን ቃል ራሱን ጣሊያን ነው ጥሎልን የሄደው፤ እንደ ባሬላ። በአምስቱ ዓመት ፒያሳን፣ ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማውን፣ መንገዱን ሲሠራ ለቀን ሥራ ቆጥሮ መክፈልን በሰፊው አስለመደ፤ ጎንደር ላይ ኅዳር 1934 እጁን ሲሰጥ እርሱ ሄደ፣ ካቦው ቀረ። አንተ ትርፉ የት አለ አልከኝ። ከአንተ ዘንድ ላይኖር ይችላል። ሰባት ወር ገንዘብህን ይዞ የተቀመጠው ዘንድ፣ ወለዱን የቆጠረው ዘንድ ፈልገው። የስድስቱ ሰዎች 4 ሰዓት በአንተ በኩል አልፎ ነው የሄደው፤ አንተ ዘንድ ቢቆም ኖሮ እንዲህ ባልተናደድክ ነበር።

እንጀራ ጋጋሪ፣ ሽማግሌው ዛሬም ነበሩ። ጫማቸውን በሲባጎ አስረውት ነበር። ዛሬ የመጣው ሌላ ካቦ ነው፤ ወሰዳቸው።


እንጀራ ጋጋሪ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

ተመስገን።

እኔም አንድ ነገር ልናገር። ስለ ፒያሳ ጻፋችሁ፣ ስለ ሸማ ጻፋችሁ። ከጎንደር የሠራተኛ ታሪክ ውስጥ ትልቁ በየቤታችሁ ማጀት አለ። እኔ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ከላይ አርማጭሆ መጥቼ ሰው ቤት ገባሁ። ሰዓት የለውም። ከዶሮ ጩኸት እስከ ባለቤትየው ልጅ እንቅልፍ ድረስ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው፣ በቀን 8 ሰዓት በሳምንት 48 ሰዓት ይላል፤ የቤት ሠራተኛን ግን ለይቶ በደንብ ይወሰናል ብሎ አስቀምጦታል። መምህር፣ እርስዎ ያሉት እረኛ መሬት ላይ ሲተኛ እኔ ምድጃው አጠገብ ነበርኩ። ደመወዜ የሚሰጠው ለአጎቴ ነበር።

አሁን እንጀራ ጋግሬ ለሆቴል አቀርባለሁ፤ ሁለት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ። ከበርቴ ሆኛለሁ መሰለኝ። ስሳደብ ራሴን እሰማዋለሁ፤ የድሮዋ እመቤቴ ድምፅ ነው።


ጡረተኛው መምህር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡45

እህቴ፣ እኛ በስድሳዎቹ ይህን ዐይነት ግለ ሂስ ለማግኘት ስንት ስብሰባ ተቀመጥን።

የሸማኔው ልጅ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ስላሠሩበት ስለ ጋፋት ቢጨምርልን ደስ ይለኛል። እኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ የዓመቱ መገጣጠም ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 የማርክስ ካፒታል የመጀመሪያው ክፍል ሃምቡርግ ላይ ታተመ። በዚያው ዓመት አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ይዘው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። በአንዱ አገር ማሽን የሰውን ጉልበት እንዴት እንደሚበላ መጽሐፍ ይጻፋል፤ በሌላው አገር በሺህ የሚቆጠር ሰው አንድ ማሽን በገመድ ይጎትታል። ለመድፉ ስም ተሰጠው። የጎተቱትን ግን የጠራቸው የለም።


ነርስ ከታች
ረቡዕ፣ ሰኔ 25፣ ከጠዋቱ 4፡10

ስለ ታሪክ ብዙ አላውቅም። ቆላ ወርጄ ስለሠራሁ ስለ ሰሊጥ ልጻፍ።

ከጎንደር ወደ መተማና ሑመራ በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው ሰው ፋብሪካ ቢሆን ኖሮ ከአገሪቱ ትልልቆቹ አንዱ ይሆን ነበር። ደጋ ላይ መሬት ያነሰው፣ የወንድሞች ቁጥር የበዛበት ወጣት ነው የሚወርደው። ሌሊት ግራር ሥር ይተኛል። ጥቁሩ መሬት ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ውስጥ የሚኖረው አሸዋ ዝንብ ካላዛር ያስይዛል። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሰውነቱ ያልቃል። ካልታከመ ይገድላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የተለየ የሕክምናና የምርምር ማዕከል ያቋቋመው ያለ ምክንያት አይደለም። አልጋው ላይ ባለ መሬት ተኝቶ አላየሁም። ሁሉም ለሌላ ሰው ሰሊጥ ሲያርም የነበረ ነው። ሐኪሞቹ የበሽታውን ስም ይጽፋሉ፤ "ሥራ" በሚለው ሣጥን ውስጥ ደግሞ "ገበሬ" ተብሎ ይጻፋል። ገበሬማ ቢሆን እዚያ ባልሄደ።


ሰሊጥ አራሚ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡05

እኔ ነኝ እንግዲህ የምትሉት ሰው። ስልኬ ባትሪው ደካማ ስለሆነ አጭር ነው።

ሳሉግ ይሉናል። አምስት ክረምት ወርጃለሁ። ስለ ትግል ስታወሩ አንድ ያላነሣችሁት አለ። ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም። ሲደርስ ፍሬውን የሚይዘው ቆብ ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ መስከረም መጨረሻ ላይ ባለሀብቱ ይለምነናል። በአረም ጊዜ እኛ እንለምናለን፣ በአጨዳ ጊዜ እርሱ ይለምናል። አምና ከሰዓት በኋላ ጎን ያለው እርሻ በሄክታር ጨመረ የሚል ወሬ ደረሰን። ማንም ስብሰባ አልጠራም። ራት በላን፣ የማሽላ እንጀራ ነው፣ መብራት ጠፋ፣ ሌሊት ተነሥተን ማጭዳችንን ይዘን ሄድን። ጠዋት ካቦው ተከትሎን መጣና ያንኑ ዋጋ ሰጠን፤ ተመለስን። ስሙን አድማ ማለት ይቻል እንደሆነ መምህር ይንገሩን። እኛ "ማደር" ነው የምንለው፤ ሌላ እርሻ አደርን እንላለን።

አረም ላይ ግን ይህ አይሠራም። አረም ቢዘገይ ሦስት ቀን ይታገሳል። ሦስት ቀን እኛ አንታገስም።


ጡረተኛው መምህር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

አድማ ነው፣ ልጄ። ከእኛ አድማዎች አብዛኞቹ ይህን ያህል አልተሳኩም።


ሲሚንቶና ብረት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡48

ይህን ዘዴ ለእኔ ሠራተኞች እንዳትነግሩብኝ። ቀልዴን አይደለም።

ለመሆኑ ማኅበር ለምን አታቋቁሙም? ሕጉ አሥር ሠራተኛ ካለ ይፈቅዳል። እኔ ራሴ ከአንድ ሰው ጋር ተነጋግሬ ዋጋ ብቆርጥ ከሠላሳ ሰው ጋር ከመነታረክ ይሻለኛል።


የጃንተከል ጥላ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

ሰሊጥ አራሚ፣ መቼ ነው የምትወርዱት? ስንት ናችሁ?


ሰሊጥ አራሚ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡12

ነገ ሌሊት፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ። 14 ነን። አሥሩ ሞልቷል ማለት ነው። ግን አሠሪያችን ማን እንደሆነ አናውቅም፤ ደላላው ለካቦ ነው የሚያስረክበን፣ ካቦው ደግሞ "ባለቤቱ" ይላል እንጂ ስም ጠርቶ አያውቅም። አምስት ዓመት ሠርቼ ባለቤቱን አንድ ቀን ነው ያየሁት፤ ከመኪና አልወረደም። ማኅበር ስናቋቁም ደብዳቤውን ለማን እንደምንጽፍ የሚያውቅ ካለ እዚህ ይጻፍልኝ፤ ባትሪዬ ሳያልቅ።


ነርስ ከታች
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

14 አጎበር ከእኔ ውሰዱ፤ ጠዋት በውስጥ መልእክት የምንገናኝበትን እጽፍልሃለሁ። ግራር ሥር አትተኙ። ትኩሳት ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወባ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፣ ተመለሱ።